የዋቅወያ መቀርቀሪያ

ድርቤ ጉሉማ የበሯን መቀርቀሪያ ነቅላ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታ ከነቀምቴ ወጣች። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ስለነበር ስትወጣ ያያት ጎረቤት አልነበረም።

መቀርቀሪያው ዘንግ ነበር፤ የቅድመ አያቷ የዋቅወያ የወይራ ዘንግ። ዋቅወያ በዘመኑ በደጋው ኦሮሞና በአንገር ቆላ ጉሙዝ መካከል እየተመላለሰ ደም ያደረቀ ሰው ነበር ይባላል። ጦር ተማዝዘው የመጡትን ሁለት ወገኖች አንድ ሾላ ሥር አስቀምጦ፣ ወንዙ ድንበር እንዲሆን፣ ሾላውም እንዳይነካ አማምሏቸዋል። ሲሞት ዘንጉ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እያለፈ ድርቤ ዘንድ ደረሰ። ድርቤ ግን የወንጌል አማኝ ነች፤ የሙት ዘንግ ማክበር ጣዖት ማምለክ መሰላት። ደግሞም ርዝመቱ ለበሯ ልክ ሆኖ አገኘችው። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲያስከፍት የኖረ እንጨት በር ሲዘጋ ሃያ ክረምት አለፈው።

ዘንጉን ያስነቀላት ተድላ ነው። ተድላ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ከአንገር ጉቲን ወዲህ ካሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖር ሰው ሲሆን፣ በመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳው የልጇ የተረፋ ረዳት ነው። የዚያን ማለዳ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጃፏ ላይ ቆመ።

«ሞተ?» አለችው።

«አልሞተም እማማ ድርቤ፤ ይዘውታል» አለ ተድላ። «ያንን ትልቅ ሾላ ንቀለው አለው አለቃው። አንድ የጉሙዝ ጎልማሳ ከትራክተሩ ፊት ቆሞ አልነሣም አለ። ተረፋ ይነሣል ብሎ ነዳ። ሰውዬው አልተነሣም።»

ድርቤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ሊገድሉት ሲሉ ‹የዋቅወያ ልጅ ነኝ!› ብሎ ጮኸ። ቀስቱን ያስወረደው ያ ስም ነው። እኔን የወንዙን መሻገሪያ አሳይተው ለቀቁኝ። የዋቅወያ ቤት ሰው ብረት ሳይዝ ይምጣ፣ ጨረቃዋ ሳትሞላ ይምጣ ብለዋል። ካልመጣ ደም በደም ነው።» ተድላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለቃው ጓድ ወልደዮሐንስ ደግሞ ሚሊሺያ እየሰበሰበ ነው። መሻገሪያውን አያውቀውም እንጂ ቀድሞን ከደረሰ፣ የመጀመሪያው ሬሳ ተረፋ ነው።»

ድርቤ ተነሣች። ቆሎ ቋጠረች፤ መቀርቀሪያውን ነቀለች።

በመኪናው መንገድ መሄድ አይቻልም ነበር። ሰፋሪ ያለ ፈቃድ ከመንደሩ ከወጣ ከዳተኛ ነው፤ መንገዱ ላይ ባለችው በኡኬ ከተማ ደግሞ ኬላ አለ። ስለዚህ ከኡኬ በላይ መንገዱን ትተው በገደሉ ወረዱ። ጭጋጉ እግራቸውን እስኪያሳጣቸው ድረስ ወፍራም ነበር። ቀዩ ጭቃ እየከዳቸው ተንሸራተቱ፤ ተነሡ፤ ደግመው ተንሸራተቱ። ከላይ የዘነበው ዝናብ አንዱን ጅረት ድንገት ሞልቶ ሲመጣ ድርቤ መሀሉ ላይ ነበረች። ውኃው ወገቧን ይዞ ነቀላት፤ ዘንጉን በሁለት ድንጋዮች መካከል ቀርቅራ ተንጠለጠለች። ተድላ በነጠላዋ ጎትቶ አወጣት። ቆሎው ግን ሄደ።

«ምነው ዛሬስ!» አለ ተድላ እየተንቀጠቀጠ። «ሰማዩም ጠላን።»

«ላኪ፣ አይባልም! ሰማዩን ተወው። ተራመድ» አለችው።

ተራመደ። ነገር ግን ከጥቂት እርምጃ በኋላ ጎንበስ ብሎ ከመሄጃቸው ዳር አንድ ጭብጥ ሣር ሳይነቅል በቆመበት ቋጠረ። ድርቤ ዞር ብላ አየችው።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ሣር እየቋጠርኩ። እናቴ ዳኛ ፊት ስትሄድ እንዲህ ታደርግ ነበር። የቋጠርኩት ሳይፈታ ነገሬ ይቅናልኝ ነው የሚባለው።»

«ይህ ባዕድ አምልኮ ነው፣ አንተ ተድላ። ጸልይ፤ ይሻልሃል።»

«እሱንም አልተውኩም» አለ ተድላ፤ ከኋላዋ እየተከተለም መቋጠሩን ቀጠለ። እሷም ልጇን እያሰበች ስለነበር ነገሩን ረሳችው። ምነው ባልረሳችው ኖሮ!

በማግስቱ ቆላው ሲጀምር ብርዱ በሙቀት ተተካ። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። አሁን ፊት የሚሄደው ተድላ በክንዱ እየገለጠ፣ ቀበቶው ላይ በሻጠው አሮጌ ሳንጃ እየመታ መንገድ ያወጣል። ዝንቡ በልብስ ላይ ይነክሳል። ወፎች ድንገት ከሣሩ ውስጥ ቡርር ብለው ተነሡ፤ ቀጥሎ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

«ጎሽ!» ብሎ ጮኸ ተድላ።

ጥቁሩ አውሬ ሣሩን ሰንጥቆ ወጣ። ተድላ ሳንጃውን መዘዘ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እሱም አያውቅም። አውሬው በቀንዱ ጎን መትቶ አሽቀነጠረው። ድርቤ በሕይወቷ ያልጮኸችውን ጩኸት ጮኸች፤ ዘንጉን እያወዛወዘች ወደ አውሬው ሮጠች። ጎሹ ግራ ገብቶት ወደ እሷ ሲዞር ተድላ በእጁ እየዳኸ ከአንድ ኩይሳ ጀርባ ገባ። እሷም ኩይሳው ላይ ዘላ ወጣች። አውሬው ሁለት ጊዜ ዞራቸው፤ ኩይሳውን በቀንዱ ቧጠጠ፤ አናፋ፤ ኋላም የሰለቸው ይመስል ሣሩን እያጋደመ ሄደ።

የተድላ ጭን ተቀድዷል። ድርቤ መቀነቷን ፈትታ አጥብቃ አሰረችለት።

«ተመለስ» አለችው። «አንተ የምትሞትለት ልጅ አይደለም።»

«የት ልመለስ?» አለ ተድላ። «የእኔ ጎጆ ከወንዙ ይህን ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ጦርነት ከተነሣ መጀመሪያ የሚቃጠለው የእኛ ሣር ቤት ነው። ከአገሬ ረሀብ አባረረኝ፤ ከዚህ ደግሞ እሳት ቢያባርረኝ የምገባበት የለኝም።»

ድርቤ በትከሻዋ ደግፋው ሄዱ።

አንገር ወንዝ ሞልቶ ደርሶ ጠበቃቸው። ቀይ ነው፤ ግንድና ቅጠል ይዞ ይጋልባል። መሻገሪያው ላይ፣ ከወንዙ መሀል፣ ጠፍጣፋ አለት ከውኃው ቀና ብሎ ይታያል። የዋቅወያ ቃል የሚለውን ድርቤ ከአያቷ እንደ ተረት ሰምታዋለች፤ መልእክተኛ ብረቱን ከዳር ይሰቅላል፣ እርጥብ ሣር በእጁ ይነጫል፣ አለቱ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ከሁለቱም ወገን ብረት ከአለቱ አያልፍም።

ተድላ ሳንጃውን ይዞ አመነታ። «እነሱ ቀስት ይዘው፣ እኔ ባዶ እጄን?»

«ባዶ እጅህን።»

እያጉረመረመ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ድርቤም ነጠላዋ ጫፍ ላይ የሰካቻትን መርፌ አውጥታ ቅርፊቱ ላይ ተከለቻት። እርጥብ ሣር ነጨች። ዘንጉን በሁለት ጫፍ ይዘው ገቡ። ውኃው ደረታቸው ደረሰ። ከጎናቸው ግንድ የመሰላት ነገር ዓይን ነበረው፤ ዓይኑም ያያታል። ጌታ ኢየሱስን በኦሮምኛ ጠራች፤ ተድላም ሚካኤልን በአማርኛ። አዞው ወርዶ አለፋቸው። አለቱን በጥፍራቸው ቧጠው ወጡ።

ከማዶ፣ ከዛፎቹ መሀል፣ የጉሙዝ ሰዎች ቀስታቸውን ይዘው ቆሙ። ከመሀላቸው እጁን የታሰረ ሰው ገፍተው አመጡ። ተረፋ ነው። ፊቱ አብጧል፤ ግን ቆሟል። ድርቤ ወደ አለቱ ጫፍ ተጠጋች።

አንድ ቀጭን ሽማግሌ ወደ ውኃው ዳር ቀረበ። ኦሮምኛው ከድርቤ አይተናነስም።

«የዋቅወያ ቤት ነሽ?»

«ኤዬ፣ ነኝ። ድርቤ እባላለሁ። የያዛችሁት ልጄ ነው።»

«የሞተው ልጄ ነው» አለ ሽማግሌው።

 ከድርቤ ኋላ ፊሽካ ተነፋ። ዞር ስትል ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከሣሩ ውስጥ ወጥተው ወንዙ ዳር ተደረደሩ። ከፊታቸው ጓድ ወልደዮሐንስ፣ በግራ እጁ የተቋጠረ ሣር ይዞ፣ ይስቃል።

«እናመሰግናለን ተድላ! መንገዱን ቋጥረህ ስለሰጠኸን!»

ተድላ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «እኔ ነኝ... እኔ ነኝ ያመጣኋቸው...»

ከማዶ ቀስቶች ተወጠሩ፤ አንዱ ቀስት የተረፋ አንገት ሥር ነው።

«ብረት አስከትለሽ መጣሽ!» አለ ሽማግሌው።

«አላመጣሁም! ቆይ፣ በሾላው መሐላ ይዤሃለሁ፣ ቆይ!» ድርቤ ወደ ሚሊሺያዎቹ ዞረች። ዘንጉን አለቱ ላይ አጋደመች፤ እርጥቡን ሣር በላዩ ነሰነሰች፤ ከበስተጀርባው ተቀመጠች። 

«ተሻገሩ!» አለ ወልደዮሐንስ።

ፊት የገባው ዋጋሪ የሚባል የኡኬ ገበሬ ነው፤ ጠመንጃውን ከራሱ በላይ ይዞ አለቱ ጋ ደረሰ። ዘንጉን አየ። ሣሩን አየ። ዝናቡ ከፊቱ ይንጠባጠባል።

«አዴ፣ እናቴ፣ የማን ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«የዋቅወያ ነው።»

«ተነሽልኝ፣ አዴ። ታዝዤ ነው።»

«እርግጥ ታዘሃል። ከቻልክ ተሻገረው።»

ዋጋሪ ብዙ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ። ከኋላው የነበሩት የአገሩ ሰዎችም ተመለሱ፤ ነገሩ ያልገባቸው ሰፋሪዎች ደግሞ እነሱን አይተው ከዳር ቆሙ። ወልደዮሐንስ ተሳደበ። ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሽጉጡን ይዞ ራሱ እስከ ጉልበቱ ገባና ወደ ኋላው ቢያይ የተከተለው የለም፤ ወደ ፊቱ ቢያይ ቀስት ነው። ወጣ።

«ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ። «ከዛሬ ጀምሮ ጸረ አብዮት ነሽ! ነቀምቴ ብትገቢ ከእስር ቤት በቀር ቤት የለሽም!»

ሰዎቹን ይዞ ሣሩ ውስጥ ጠፋ። ማንም እልል አላለም። ዝናቡ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ወደ አለቱ ተሻግሮ መጣ፤ ከፊቷ ቁጢጥ አለ። ለረጅም ጊዜ ዘንጉን በጣቱ ሲዳስስ ቆየ፤ መቀርቀሪያ ሆኖ ሲኖር በሩ የፋቀው ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«በር ዘግቼበት» አለች ድርቤ፤ አንገቷን ደፋች።

«ልጅሽ ይሂድ» አለ ሽማግሌው። «ነገር ግን የእኔ ልጅ አይነሣም። ቃሉን ታውቂዋለሽ። ደም ያፈሰሰው ወገን ጉማውን፣ የደም ካሳውን ከብት፣ እስኪያመጣ ድረስ የዋቅወያ ቤት ሰው ከእኛ እሳት ዳር ይቀመጣል።»

ድርቤ ጉማው የሚሰበሰበው ከጎሳው ሁሉ መሆኑን ታውቃለች። በዚህ ዘመን ደግሞ ጎሳ ሰብስቦ ከብት ማዋጣት በራሱ ያሳስራል። ማን ያዋጣል? ማንስ ደፍሮ ይጠራል? ይህን ሁሉ አሰበችው።

ተረፋን አምጥተው ፈቱት። እግሯ ላይ ወደቀ። «እኔ ልቅር! የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ልቅር!»

«አንተን ባየሁ ቁጥር ልገድልህ እነሣለሁ» አለው ሽማግሌው፤ ድምፁ አልጠነከረም። «የእሷን ፊት ግን ልችለው እችል ይሆናል።»

ድርቤ የልጇን ያበጠ ፊት በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ዘንጉን አንሥታ እጁ ላይ አኖረች።

«ይኸን ይዘህ ከደጃፍ ደጃፍ ዙር። የሚያለቅስብህ ይኖራል፣ በር የሚዘጋብህ ይኖራል። ዙር።»

«እማዬ፣ ካልሰጡኝስ?»

«ደግመህ ዙር። ደግሞ ስማ፤ ቤቱ ክፍት ነው። በሩን በድንጋይ አስደግፈው እንጂ በዚህ እንዳትዘጋው።»

ተረፋ አንገቱን ነቀነቀ። ተድላ እያነከሰ ተነሣ፤ ሊሰናበታት የእጇን መዳፍ ግንባሩ ላይ ጫነው። ሁለቱ ዘንጉን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ውኃው ገቡ፤ ከማዶ ሲወጡ ከሳንጃው አጠገብ የተሰካችውን መርፌ ተድላ ነቅሎ ሲይዛት ታየ። ከዚያ ሣሩ ዋጣቸው።

ድርቤ ሽማግሌውን ተከትላ ተሻገረች። ዳሩ ላይ ቆም አለች። ማንም እንደማያያት አረጋግጣ ጎንበስ አለች፤ አንድ ጭብጥ ሣር ቋጠረች። ቋጠሮው ላላባት። ፈታችና ደግማ አጥብቃ ቋጠረችው።