የሣጥን ሠሪው እጮኛ

ልዕልት ይልቃልን ያወቀችው ለጤና ኬላዋ የመድኃኒት ቁም ሣጥን ልታሠራ በሄደችበት ቀን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠናዋን ጨርሳ ቁሐር ሚካኤል ከተመደበች ብዙም አልቆየችም። ኬላው ምርጊቱ ያልደረቀ አንድ ክፍል ነበር፤ መድኃኒቱም ጓንቱም በካርቶን ወለል ላይ ተቀምጦ አይጥ ይመላለስበታል።

ወረታ መናኸሪያ ጀርባ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንዳለ ጠቆሟት። ደጁ ላይ አልጋና በር ተደርድሯል። ወጣቱ አናጢ አጎንብሶ ጣውላ ይልጋል፤ ሰጋቱራው ቅንድቡ ላይ ሳይቀር አርፏል። ቀና ብሎ ሲያያት መላጊያውን አቆመ። እሷም ምን ልትል እንደመጣች ለአፍታ ጠፋባት።

«ቁም ሣጥን ፈልጌ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ለቤትሽ?»

«ለጤና ኬላ። አይጥ የማይገባው።»

ስፋቱንና ቁመቱን ሲጠይቃት ዐይኗ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ከጥጉ፣ ካልተሸጡት አልጋዎች ኋላ፣ አንድ ረጅም ሣጥን ቆሟል። ክዳኑ ጎኑ ላይ ተደግፏል።

«ያስ የማን ነው?»

«ገና ባለቤት የለውም።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ይልቃል አስተዋለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁልጊዜ አንድ ሠርቼ አስቀምጣለሁ። ሰው እያለቀሰ መጥቶ፣ ቆይ መጀመሪያ እንጨት ልግዛ ሲባል ማየት አልወድም።»

ልኩን ነግራው ወጣች። ወደ ቁሐር በሚመለሰው ጋሪ ላይ ሆና ግን ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ፈርታው ይሁን ወዳው፣ ለራሷም አልለየላትም።

ቁም ሣጥኑን ራሱ ጭኖ አመጣላት። ከዚያ ወዲያ ለመምጣት ሰበብ አላጣም። አንድ ጊዜ ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ ሊያይ፣ ሌላ ጊዜ ከትርፍራፊ ጣውላ የሠራውን መቀመጫ ዱካ ሊሰጣት ይመጣል። ሩዙ ታጭዶ ከብቱ ሜዳው ላይ ሲለቀቅ፣ ከኬላው ደጃፍ ተቀምጠው ያወጋሉ። የኬላው ጎረቤት አማከለች፣ ላሟን አልባ ወተቱን ወረታ እየሸጠች የምትኖር አሮጊት መበለት፣ አንድ ዋንጫ እርጎ ታመጣላቸውና «አንዱን ዋንጫ ለሁለት ጠጡ፤ ሌላ የለኝም» ብላ እየሳቀች ትሄዳለች። ሌላ ዋንጫ እንዳላት ሁለቱም ያውቃሉ።

«እንዴት አናጢ ሆንህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ዞሬ ዞሬ ነው። መጀመሪያ ዲያቆን ልሆን ደብረ ታቦር ሄጄ ቅዳሴ ተማርሁ፤ ድምፄ እንቢ አለኝ። ከዚያ መንገድ ሥራ ገብቼ ድንጋይ ፈለጥሁ። መተማ ወርጄ ሰሊጥ አጨድሁ፤ ወባ ይዞኝ ተመለስሁ። ጋሽ አያልነህ የሚባሉ አናጢ በረንዳቸው ላይ እየተንቀጠቀጥሁ አገኙኝና አስታመሙኝ፤ ስድን መዶሻ አስያዙኝ። ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ሣጥን የሳቸው ነው።»

«አልፈራህም?»

«ፈራሁ እንጂ። ሠርቼ ስጨርስ ግን ለሳቸው የቀረኝን ነገር ያደረግሁላቸው መሰለኝ።»

ልዕልትም የራሷን ነገረችው። በልጅነቷ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ወረታ ሲያመጧት፣ የልዕልት እናት ምግብ ቤት ደጅ ላይ ስትደርስ ሞታ አይታለች። እናቷ ባንክ ቤት ትሠራልኛለች ብለው ሲያስቡ፣ እሷ የዚያችን ሴት ፊት እያሰበች አደገች።

«እንግዲያ አንቺ እንዳይሞቱ ትደክሚያለሽ፤ እኔ ከሞቱ በኋላ» አለ ይልቃል። ከዚያ ሳቀ፤ እሷ ግን እጁን ያዘችው።

ይልቃል ሽማግሌ ላከ። የልዕልት እናት ወይዘሮ ውባየሁ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው ጠየቁ፦

«ልጁ ምን ሥራ አለው?»

«አናጢ ነው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይሠራል።»

«ሌላስ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወይዘሮ ውባየሁ ተነሡ። «ሂዱ በሉት። ልጄን ለሬሳ ሣጥን ሠሪ አልድርም።»

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ልዕልት እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «እማዬ፣ ሥራ እኮ ነው። ምን ክፋት አለው?»

«አባትሽ ሲሞት ሕፃን ነበርሽ፤ አታውቂም። ትንፋሹ ሳይወጣ ዘመዶቹ ሣጥን ሠሪ ጠሩ። ሰውየው ክሩን ይዞ ገባ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ለካው። አባትሽ ዐይኑን ገልጦ አየው። አየው፣ ልጄ! ያንን አስተያየት ይዤ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖርሁት። ዛሬ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው አማቼ ልበለው?»

ልዕልት ግን ሌላ አላገባም ብላ ጸናች። ሰንብቶ ሽማግሌዎቹ እንደገና ሲመለሱ ወይዘሮ ውባየሁ አንድ ነገር ጠየቁ። ሁለተኛ የሬሳ ሣጥን ላይሠራ በሚካኤል ስም ይማል። ይልቃል ልዕልትን አየና ማለ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

መሐላው ግን ከበደው። ሰዎች እያለቀሱ ሲመጡ «አልሠራም» ብሎ መመለስ ነበረበት። አንዱን መለሰ፣ ሌላውን መለሰ። አንድ አባት በሩ ላይ ተንበርክኮ ለመነው። በማግሥቱ ይልቃል ሥራ ቤቱን ዘግቶ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ተቀጠረ።

ልዕልት ያንን ቤት ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። ሞተሩ ሲነሣ ግድግዳው ይርገበገባል፤ የሩዙ ገለባ ብናኝ አየሩን ሞልቶ ሰው ከሰው አያስተያይም። ሞተሩን ከመፈልፈያው የሚያገናኘው ረጅም የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ መከለያ ሳይኖረው ከሰዎቹ ጎን እያፏጨ ይሽከረከራል። ይልቃል ከሳ፤ ሳል ያዘው።

«ይህን ሥራ ተወው።»

«ጥር እስኪደርስ ነው።»

«ጥር ሩቅ ነው፣ ይልቄ።»

አንድ ቀን ቺንጋው ሸሚዙን ያዘው። ሸሚዙ አሮጌ ስለነበር ተቀደደና ተረፈ፤ ክንዱ ግን ከክርኑ እስከ አንጓው ተላጠ። ልዕልት ቁስሉን አጥባ በፋሻ አሠረችለት።

«ሸሚዜን ነው የበላው» አለ ሊያስቃት።

አልሳቀችም። ቺንጋው ያጎረሱትን ቀምሶ የቀረውን የሚጠብቅ መሰላት። ይህንንም አፍ አውጥታ መናገር ፈራች።

ክረምቱ ቀድሞ ገባ። በ1998 የጣለውን ዝናብ የፎገራ ሰው ዛሬም ያወራዋል። የጉማራ ወንዝ እንደ ደፈረሰ ጠላ ጠቆረ። ሩዝ ውሃ ይወዳል እያሉ መጀመሪያ የተደሰቱት ገበሬዎች፣ ነሐሴ ሲገባ ከማሳቸው ዳር ቆመው ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። ከብቶቹ ወደ ሜዳው ሲነዱ አንገታቸውን እያዞሩ ይመለሳሉ።

«ዛሬ ቁሐር አትሂጂ» አሉ ወይዘሮ ውባየሁ። «ሰማዩን አላየሽም?»

«ያቺ ነፍሰ ጡር፣ ንግሥቲ፣ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል፣ እማዬ። የመጀመሪያዋ ነው።»

ሄደች። ማታውን እዚያው አደረች፤ በማግሥቱ ጠዋት ውሃው መጣ። ድምፅ አልነበረውም። ከሩዙ ሥር እንደ ጥላ እየተሳበ መጥቶ ደጃፉን፣ ምድጃውን፣ መደቡን ያዘ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ጥጃውን ጎትቶ፣ ከፍ ወዳለው የሚካኤል ደብር ተሰበሰበ። ታማ የተኛችውን አማከለችን በአልጋ ተሸክመው አወጧት፤ ላሟ ግን ቀረች። ልዕልት የመድኃኒት ካርቶኗን ራሷ ላይ ተሸክማ፣ እስከ ወገቧ የደረሰ ውሃ ስትሻገር ወደ ኋላ አየች። ሜዳው ጠፍቷል። ጣና ራሱ ተነሥቶ የመጣ ይመስል ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ታንኳ በጎርፉ ላይ ስትቀዘፍ ታየች። ከሐይቅ ዳር የመጣ ቀዛፊ ከኋላ፣ ይልቃል ከፊት ተቀምጠዋል። ይልቃል ዘሎ ወርዶ ልዕልትን አቀፋት። ልብሱም ፊቱም ጭቃ ነበር።

«እናትሽ አምጣት ብለውኛል። ከውሃው ዳር ቆመው እየጠበቁሽ ነው። ነዪ፣ እንሂድ።»

ልዕልት ወደ ደጀ ሰላሙ ዞረች። ንግሥቲ ምጧ ከጀመረ ቆይቷል፤ ልጁ አልመጣም። «ታንኳዋ ስንት ሰው ትይዛለች?»

«ከቀዛፊው ሌላ ሁለት።»

«እንግዲያ ንግሥቲና ባሏ ይሂዱ። እዚህ ከቆየች ትሞትብኛለች።»

ይልቃል ለአፍታ አያት። ንግሥቲን አቅፎ ታንኳዋ ላይ አስቀመጣት። ታንኳዋ ስትርቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አዩ። ደመናው እስከ ውሃው ወርዶ ዋጣት።

«ትመለስ ይሆን?» አለ ይልቃል።

ልዕልት የመድኃኒት ካርቶኗን አንሥታ ወደ አማከለች ሄደች።

በማግሥቱ ማለዳ አማከለች ሞተች። ስትሞት የልዕልትን እጅ እንደያዘች ነበር፤ ስለ ላሟ ጠይቃ «ዳነች» ተብላ ነበር። ወንዶቹ ከደብሩ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሲጨርሱ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ጨልፈው ቢያወጡት መልሶ ሞላ። አስከሬኑን በሰሌን ጠቅልለው ሲያወርዱት፣ ቀስ ብሎ ተንሳፈፈ። ሴቶቹ ጮኹ። የሕፃናቱን ፊት አዞሩ።

መምሬ ተክለ ሃይማኖት፣ የደብሩ ሽማግሌ ቄስ፣ ወደ ይልቃል መጡ። «አናጢ ነህ አሉኝ፣ ልጄ። ሣጥን ቢኖር ድንጋይ ጭነን እናሳርፋት ነበር።»

«ምያለሁ፣ መምሬ።»

«ለማን?»

«ለልዕልት እናት። ሁለተኛ ላልሠራ፣ በሚካኤል ስም።»

ቄሱ በመቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። «መሐላውን እኔ ቀኖና ሰጥቼ እፈታልሃለሁ። የእናቷን ቁጣ ግን አልፈታልህም።»

ይልቃል ልዕልትን አያት። ሁሉም አዩዋት። ከሠራ የጥር ሠርግ እንደማይኖር ታውቃለች፤ እናቷ ያሉትን አይለውጡም። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር። ዐይኗ ሰሌኑ ላይ አረፈ፤ አንድ ጠርዙ ረጥቦ ጠቁሯል።

«እዚህ ከደብሩ አጠገብ ያለው የትምህርት ቤት በር ደህና ጣውላ ነው» አለች።

ይልቃል ሣጥኑን በተውሶ መጥረቢያና በድንጋይ ሠራ። የድሮውን ምስማር እየነቀለ አቀና። ልዕልት ጣውላውን ያዘችለት። የክንዱ ቁስል ተከፍቶ ደሙ በእንጨቱ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አላቆመም። ፊቱን ቀና ብላ አየችው፤ መፈልፈያ ቤት ከገባ ወዲህ ያልነበረ ጸጥታ ተመልሶበታል። ያን ጊዜ የሚያስፈራት ሥራው እንዳልሆነ ገባት። የሚያስፈራት እሱን ከሥራው ነጥላ ማግኘቷ ነበር።

ሣጥኑ ድንጋይ ተጭኖበት ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፤ አማከለች አረፈች።

ዝናቡ ባባራበት ቀን የሞተር ጀልባ እህልና ብርድ ልብስ ጭና መጣች። ወይዘሮ ውባየሁ ከጆንያዎቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ጭቃው ውስጥ ወርደው ልጃቸውን አቅፈው ሳይጠግቡ፣ ዐይናቸው ከሣጥኑ በተረፉት የጣውላ ቁራጮች ላይ ወደቀ። ከዚያ ይልቃል ላይ።

«እትዬ ውባየሁ» አለ ይልቃል፣ «መሐላዬን አፍርሻለሁ።»

«እኔ ነኝ ሣጥኑን ሥራ ያልሁት» አለች ልዕልት። «እማዬ፣ ብትቆጪም እኔን ተቆጪ።»

ወይዘሮ ውባየሁ ጎንበስ ብለው አንዱን ቁራጭ አነሡ። ውሃው ከደብሩ ግርጌ ይላተማል።

«ማን ሞቶ ነው?»

«አማከለች።»

«ያቺ ወተት የምታመጣልኝ?»

«እሷው።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «በደንብ አረፈች?»

«አረፈች፣ እትዬ።»

አለቀሱ። ሲረጋጉ ፊታቸውን ወደ ይልቃል ሳያዞሩ ተናገሩ። «ከውሃው ዳር ልጄን ስጠብቅ ሌላ ሴት መጣችልኝ። ጤና ጣቢያ አደረስኋት፤ ወንድ ልጅ ወለደች። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሕፃኑን ሲያሳቅፉኝ ግን ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አንተ ልጅ፣ እኔ የታመምሁ ዕለት ክር ይዘህ እንዳትገባብኝ። ይህን ማልልኝ።»

«መሐላስ በቃኝ፣ እትዬ ውባየሁ። ግን አልገባም።»

ወይዘሮ ውባየሁ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም።

በጥር ተጋቡ። ሩዙ በጎርፍ ስለሄደ ድግሱ ትንሽ ነበር፤ ንግሥቲ ልጇን አዝላ ከሁሉም ቀድማ ዘፈነች። ይልቃል ሥራ ቤቱን ከፈተ፤ ልዕልት ቁሐር መመላለሷን ቀጠለች። ማታ ሲገናኙ ስለ ቀኑ ብዙ አይጠያየቁም። እሷ ዝም ካለች እሱ ይገባዋል፤ እሱ ሳይበላ ከተኛ እሷ ይገባታል።

ቀጣዩ ሰኔ ገባ። አንድ ጠዋት ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቆረና የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱት። ሁለቱም የያዙትን ትተው አዳመጡ። የልዕልት ሆድ ገፍቷል፤ እጇን አሳረፈችበት። አንድ የቁሐር ሰው እያለከለከ ደጁ ላይ ደረሰ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል።

ልዕልት ቦቲ ጫማዋን ስታጠልቅ ይልቃል የሥራ ቤቱን በር ቆለፈ።

«አንተ ወዴት?»

«ካንቺ ጋር።»

«ሰው ቢፈልግህስ?»

«ዛሬስ ማንም አይፈልገኝ» አለ። እንደ ጸሎት ነበር።

ከመናኸሪያው አልፈው ወደ ሜዳው ወረዱ። ዝናቡ እየጠነከረ ሄደ። ጉማራ ገና ሩቅ ነው፤ ድምፁ ግን ከወዲሁ ይሰማል። እጇን ያዛት፤ እርምጃቸውን አፈጠኑ።