አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ

ሰፈርተኛው የልጅቷን አባት «ካፒቴን» ይላቸዋል። መርከብ ላይ ግን በሕይወታቸው ወጥተው አያውቁም፤ ባሕር ገና ሲያዩ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ሥራቸው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ክንድ የሚያህል የእንጨት መርከብ መሥራት ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከጎረቤት የቤት ዕቃ መሥሪያ አንድ ወጣት አናጺ ቀጠሩ። እሱ የመርከቡን ቀኝ ጎን፣ ልጃቸው ግራውን በቀጭን ጣውላ እንዲያለብሱ አዘዙ።

አናጺው ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ስል እንዲሁ እንዳይመስላችሁ፤ እግሩ ላይ መዶሻ ቢወድቅበት መዶሻውን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። እሷ ደግሞ አፏ አያርፍም።

«አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ» ነበር የአባትየው ሕግ። ቀጭኑ ጣውላ በሙቅ ውሃ ርሶ፣ በኮላ ተለጥፎ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ወደ ራሱ ይጎትታል። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከጎተቱ የመርከቡ አከርካሪ ቀጥ ብሎ ይቀራል። አንዱ ብቻውን ከቀደመ ግን ይጎብጣል። ከጎበጠ በኋላ ደግሞ ማን ያቃናዋል?

ስለዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠው እሷ ስትለጥፍ እሱ ይይዝላታል፤ እሱ ሲለጥፍ እሷ ትይዝለታለች። ገና ባልለበሱት የመርከቡ የጎድን አጥንቶች መሃል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ያኔ እሷም ዝም ትላለች።

የደከመው የአባትየው እጅ እንጂ ዓይናቸው አይደለም። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጠዋት፣ አንቺ ከሰዓት» አሉ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋላ!

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ስትገባ የሚጠብቃት የሱ አንዲት ጣውላ ብቻ ሆነች፤ ጠርዟ ለስልሶ፣ የተረፈው ኮላ ተጠርጎ። በጣቷ ትዳብሳትና የራሷን ትለጥፋለች። ሰው በጣውላ ይነፋፈቃል? እነሱ ተነፋፈቁ።

አንድ ጠዋት አክስቷ ወርክሾፑ ብቅ አሉ። ሆዳቸው ወሬ አይቋጥርም። «እሰይ! የኛ ልጅ እኮ ልትዳር ነው! የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሊወስዳት ነው» አሉት አናጺውን። ልጅቷ ሰውየውን እምቢ ካለችው መሰንበቷን ግን አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም።

ከሰዓት ስትገባ የቀኙ ጎን እስከ ላይ ተዘግቷል። ግራው ግማሹ ክፍት ነው። ክር ከፊት እስከ ኋላ ወጥራ አየች፤ ኮላው ገና በወጉ ሳይደርቅ አከርካሪው መጉበጥ ጀምሯል። ድርሻውን ጨርሶ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ሽርጧን ሳታወልቅ ወደ ቤት ዕቃ መሥሪያው ሮጠች።

መሣሪያዎቹን ሳጥን ውስጥ እየከተተ ደረሰችበት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ልታገቢ አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«አክስትሽ።»

«እኔን ጠየቅከኝ?»

የሳጥኑን ክዳን ገጠመ።

«እኔን ጠየቅከኝ ወይ? እምቢ ካልኩት ሰንብቻለሁ! አንዲት ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

አናጺው ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ተከተላት።

አብረው ሲመለሱ አባትየው መርከቡን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እያዩ ነበር።

«ማነው ያጎበጠው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከመጀመሪያው እሠራዋለሁ።»

«መርከቡን ተወው፤ እንጨት ሞልቷል።» ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወደ እሱ ዞሩ። «ሲከፋህ አትናገርም። አኩርፈህ፣ የምታበላሸውን አበላሽተህ ትሄዳለህ። ነገ ቤት ውስጥ ሲከፋህስ ልጄንም እንዲህ ልታደርጋት ነው?»

«አባዬ፣ ይበቃል» ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም። ያው ፍርሃት እሷም ነበረባት። ትወደዋለች፤ እንዴት አድርጋ ትወደዋለች! ግን ምንም ሳይል ከሚሄድ ሰው ጋር ዕድሜ ልክ እንዴት ይኖራል?

አናጺውን ላብ አጠመቀው። አንዴ አባትየውን፣ አንዴ በሩን አየ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ታገቢኛለሽ?»

ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ በመንገድ የሚያልፉት ሳይቀሩ ዞረው አዩ።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሺ ማለት እንዴት አማራት!

«አላውቅም» አለችው። «ነገ ደግሞ ጠይቀኝ።»

«ነገም እሺ ባትዪኝስ?»

«ከነገ ወዲያ ትጠይቀኛለህ።»

አባትየው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በማግስቱ ተራዋ ከሰዓት ቢሆንም በጠዋት መጣች። ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘችው። ቁልፉን እንኳ ሳታዞር ጠየቃት።