የእማማ ብርጭቆ ትንፋሽ

«እማማ የሚዋሽ ሰው ብርጭቆ ላይ ይተነፍሱበታል» አለች ሬዲዮ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ራሷም አታውቅም። «ውሃው ወተት ይሆናል። የአምናዎቹ በዓይናቸው አይተዋል እኮ!»

«የአምናዎቹ ያዩት ያላጠቡትን ብርጭቆ ነው» አለች ምላጭ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ሬዲዮ የሰማችውን ሳታሰራጭ ስለማታድር ነው ሬዲዮ የተባለችው። ምላጭ ደግሞ በምላሷ። እማማ ብርጭቆ የሚሏቸው የቤተ ሙከራው ዕቃ ጠባቂ ከሞቱ ወራት አልፈዋል፤ ነጭ ጋዋናቸው ግን አሁንም ከዕቃ ክፍሉ በር ጀርባ ተሰቅሏል። የሚያወርደው ደፋር አልተገኘም።

የዕለቱ ሥራ የተግባር ፈተና ነበር። ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ዓይነት ብረት፣ እያንዳንዱ የራሱ ብረት በሟሟበት ውሃ ውስጥ፣ በመካከላቸው ደግሞ በጨው ውሃ የተነከረ ወረቀት። ወረቀቱ የጨው ድልድይ ይባላል፤ እሱ ከሌለ የቮልትሜትሩ መርፌ ከቦታው አይነቃነቅም። ለሌሎቹ ሁሉ ዚንክና መዳብ ስለደረሳቸው ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ካለው የገበታ ጨው እየዘገኑ ሄዱ። ዚንክና ብር የደረሳቸው ምላጭና ሬዲዮ ብቻ ነበሩ። ብር ደግሞ ቀበጥ ነው፤ ከገበታ ጨው ጋር አይስማማም። ፖታሲየም ናይትሬት የሚባለውን ሌላ ጨው ይፈልጋል፤ እሱ ያለው ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ነው።

ለውድድር የሚላከው ተማሪ ከዚህ ፈተና ይመረጣል። ምላጭ ቦታው የእሷ እንደሆነ ከወዲሁ ቆርጣለች። ሬዲዮ ደግሞ ይቺን ከወደቀች ክፍሉን ትደግማለች።

«ናይትሬቱን አምጪ።»

ሬዲዮ የዕቃ ክፍሉን በር አየችው። «አብረን እንግባ፣ በናትሽ።»

«ጋዋን አይናከስም። ሂጂ።»

ሬዲዮ ሄደች። ቶሎም ተመለሰች፤ ከሚገባው በላይ ቶሎ። በወረቀት የያዘችውን ነጭ ዱቄት ውሃ ውስጥ ጨምራ አማሰለችና ብርጭቆውን አቀበለቻት። ምላጭ ስትይዘው አንድ ነገር የጎደለ መሰላት። ምን እንደሆነ ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበራትም። ወረቀቱን ነክራ ሁለቱን ብርጭቆዎች አገናኘች።

መርፌው ተነሳ። ውጭ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናትና ክፍሉ ደብዘዝ አለ። የዚያን ጊዜ ከወረቀቱ ጫፍ፣ ብሩ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ ቀጭን ነጭ ነገር መውረድ ጀመረ። በብርድ ጠዋት ከአፍ እንደሚወጣ እስትንፋስ እየተጠቀለለ ወረደ፣ ሰፋ። መርፌው ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ተመለሰ። የዕቃ ክፍሉ በር፣ ማንም ሳይነካው፣ ሲጥ አለ።

«መጡ» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

መምህሩ ከኋላቸው ቆመው ነበር። «ድልድዩን የሠራው ማነው?»

ትንፋሽ አይደለም፣ የብሩ ውሃ ከገበታ ጨው ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነጭ ክሎራይድ ነው፤ ምላጭ ይህን ታውቃለች። የጎደለውም አሁን ገባት። ፖታሲየም ናይትሬት ሲሟሟ ብርጭቆውን ያቀዘቅዛል። ያ ብርጭቆ አልቀዘቀዘም ነበር። ሬዲዮ ዕቃ ክፍሉ አልገባችም ማለት ነው። ፈርታ ከጠረጴዛው የገበታ ጨው ዘገነች፣ ከዚያም ዋሸች።

አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ግን ሬዲዮ የምታየው መምህሩን አልነበረም፤ በተገረበበው በር የሚታየውን የጋዋን እጅጌ እንጂ። ብቻዋን ሂጂ ያለቻት ማን ሆነና!

«እኔ ነኝ» አለች ምላጭ።

ነጩ ነገር በአንድ ጊዜ ወፈረ፤ የብሩ ቁራጭ ከዓይን ጠፋ። ያው የጀመረው ነው የቀጠለው፣ አለች በልቧ። ያው ነው።

«አንቺ?» አሉ መምህሩ። ከቁጣቸው ይልቅ ማዘናቸው ከፋ። «በይ ውጪ።» ወደ ሬዲዮ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ የእኔን ድልድይ ወስደሽ ድገሚ።»

ሬዲዮ ፈተናውን አልፋ ምላጭ ወዳለችበት ወጣች፤ ፊቷ ላይ ግን የማለፍ ደስታ አልነበረም። «ለምን እንደዛ አልሽ?»

«ላድንሽ ነዋ። የጠረጴዛውን ጨው ነው ያመጣሽው።»

«ገብቻለሁ! ጋዋኑ ፊቴን ነክቶኛል። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቤ ነው የዘገንኩት።»

«ማስረጃሽስ?»

ሬዲዮ ቆማ አየቻት። «ማስረጃ? እኔ እኮ ነኝ የነገርኩሽ» አለችና ሄደች።

ማታ የምላጭ ጣቶች ጠቁረው ነበር። በሳሙና ብትፈትግ፣ በድንጋይ ብታሽ፣ ወይ ፍንክች። «ምን ነክተሽ ነው?» አለች እናቷ። የብሩ ውሃ ቆዳ ከነካ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ምላጭ ይህንንም ታውቃለች። ማወቋ ግን ጣቶቿን ከማየት አላዳናትም። ብርጭቆው አልቀዘቀዘም። ውሃው ነጥቷል። ሁሉም ነገር ሬዲዮ ዋሽታለች ይላል፤ አልዋሸሁም የምትል ራሷ ሬዲዮ ብቻ ናት። ሬዲዮ የሰው ወሬ ታራግባለች። ስለ ራሷ የዋሸችበትን ቀን ግን ምላጭ ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አጣች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የሬዲዮን ቤት በር አንኳኳች።

«ገብተሻል» አለቻት።

«አወቅሽ?»

«አላወቅኩም።»

ሬዲዮ የምላጭን የጠቆሩ ጣቶች አየች። «ይኼ ነገር አይለቅም?»

«አይለቅም።»

«ምላጭ ዶለዶመች ብዬ ለክፍሉ ሁሉ አውርቻለሁ፣ እንዳትሰሚ። ነይ ግቢ፣ በሎሚ እንሞክረው።»

ለውድድሩ ሌላ ልጅ ተልኮ ከተመለሰም በኋላ ነው መምህሩ ሁለቱን ወደ ዕቃ ክፍሉ የጠሯቸው። ከበሩ ጀርባ ያለው ምስማር ባዶውን ነበር። መምህሩ ከናይትሬቱ ጠርሙስ ጥቂት ዱቄት ወስደው በውሃ አሟሙና የብሩን ውሃ አንድ ጠብታ ጣሉበት። ወተት ሆነ።

«ውስጡ ያለው የገበታ ጨው ነው» አሉ።

«ማን ሞላው?» አለች ሬዲዮ።

መምህሩ ጠርሙሱን አዙረው የተንጋደደውን ጽሑፍ አሳዩዋቸው። «ጋዋኑን ልትወስድ ስትመጣ ልጃቸው ነገረችኝ። እማማ ብርጭቆ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቶ ነበር፤ ሥራዬን እንዳላጣ ብለው ለማንም አልተናገሩም። ጠርሙሶቹን በዳበሳ ነበር የሚሞሉት።»