ሲንክ ውስጥ የተገኘችው ማንቆርቆሪያ

ራስል ታጋርት መኝታና ማብሰያ ባለው ቤት መኪናው ውስጥ፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሎርና ክሪድ ናት። ጠዋት መፍቻ ልትዋሰው ሄዳ ብታንኳኳ ዝም፣ ብትጣራ ዝም። በሩን ስትከፍተው የታፈነ ሙቀት ፊቷን መታት። ወደ ማደያው እየሮጠች ስትገባ ባለቤቱ ስታቭሮስ እንቁላል እየጠበሰ ነበር።

«ራስል ሞቷል!»

«ትናንት ያን ሁሉ ሲጠጣ ጠርጥሬ ነበር። ውሃ ድፊበት፣ ይነሳል።»

«ሞቷል እኮ ነው የምልህ፣ አንተ ሰውዬ!»

ስታቭሮስ እንቁላሉን እሳት ላይ ትቶት ወደ ስልኩ ሮጠ።

ኩራላ እንዲህ ናት፦ አንዲት የነዳጅ ማደያ፣ ከጀርባዋ የካራቫን ማቆሚያ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ቀይ አፈርና ሰማይ ብቻ። በእኛ በአውስትራሊያ ጡረታ የወጣ ሰው ቤቱን ይቆልፍና ካራቫኑን፣ ያን ተጎታች ቤት፣ ከመኪናው ኋላ አስሮ አገር ለአገር ይዞራል። እዚህ ሲደርስ ነዳጅ ይቀዳል፣ ያድራል፣ ይሄዳል። መሄድ ያቃተው ግን ይቀራል። በዚያ ሰሞን መሄድ ያቃታቸው ቨርን ሆስኪንና ሚስቱ አይሪስ ነበሩ።

የአይሪስ ሳንባ አልቆ ነበር። ሐኪሞቹ እንደማትድን ነግረው አሰናብተዋታል። እሷም የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ኬኒ በጎረምሳነቱ ሰጥሞ የቀረበትን፣ ሬሳው እንኳ ያልተገኘበትን ባሕር አይታ መሞት። ቨርን አልጋዋን፣ የኦክስጅን ማሽኗንና የማሽኑን ባትሪ ካራቫኑ ውስጥ አደራጅቶ ይዟት ወጣ። ምን ዋጋ አለው! የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀራቸው የጎታቿ መኪና ካምቢዮ ከነዘይቱ ተቃጠለ። መለዋወጫው ከሁለት ሳምንት በፊት አይደርስም፤ አይሪስ ደግሞ ሁለት ሳምንት የላትም። አምቡላንስ ቢጠሩ ወደ ዋናው ከተማ ሆስፒታል ነው የሚወስዳት፤ ያ ማለት ለባሕሩ ጀርባ መስጠት ነው። ያን ካራቫን ለመጎተት ጉልበትም የመጎተቻ ጋንጮም ያለው መኪና ሜዳው ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የራስል ታጋርት ቤት መኪና ነው።

ራስል ደግሞ አልጎትትም አለ።

ሳጅን ማርጎ ዴኔሂ ከባሕሩ ዳርቻ ካለው ጣቢያዋ ተነስታ እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ስትናገር የማትቸኩል፣ ስታይ የማትጠግብ ሴት ናት። ወደ ሬሳው ከመግባቷ በፊት ቤት መኪናውን ዞረችው። የጥላው ሸራ እንደተዘረጋ ነው። ጎማዎቹ ሥር እንጨት ተወትፏል። የመብራቱ ገመድ ከማደያው ምሰሶ ጋር እንደተሰካ ነው።

ከዚያ ገባች። ምድጃው እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ጋዙ አልቆ ጠፍቷል። ወለሉ ሥር ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በጨርቅ ተወትፈዋል። የጣሪያው መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል።

«እኛ እንኳ ነገሩ ገብቶናል» አለ ስታቭሮስ ከበሩ ላይ። «ለብርዱ ብሎ ምድጃ ለኩሶ ተኛ፤ ከሰል እንደሚያፍን አፈነው። አለቀ።»

«ጋዝ መሆኑስ እውነት ነው፤ የፊቱ ቅላት ይናገራል። ይሄን ጨርቅ ማን ወተፈው?»

«ራሱ ነዋ! አቧራ እንዳይገባበት። ሁላችንም ተው ብለነዋል። ‹የጣሪያውን መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው፣ ታፍኖ የሚሞት ሞኝ ነው› ነበር መልሱ።»

«ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው።»

«እሱ የሚያውቀውን ነገር መቼ ለራሱ ይዞ ያውቃል!»

ማርጎ ሬሳው ላይ አጎነበሰች። ራስል የመኪናውን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚተኛው። ክሩ ግን አገጩን አልፎ ወጥቶ አንድ ጆሮው ላይ ተይዞ ቀርቷል። ቀና ስትል ዓይኗ ወደ ሲንኩ ሄደ። ባልታጠቡ ሳህኖች ላይ አንዲት ማንቆርቆሪያ ተቀምጣለች። አነሳቻት፤ ውሃ ሙሉ ናት።

«ከምድጃው በላይ ያለው ሜንጦ የምንድን ነው?»

«የማንቆርቆሪያዋ። ሲነዳ እዚያ ይሰቅላታል፤ ሲቆም ምድጃው ላይ ናት። ‹የኔ ፈጠራ› እያለ አሰልችቶናል።»

«ዛሬ ሊሄድ ነበር እንዴ?»

«ወዴት? ሳምንቱን እዚህ ነኝ ብሎኛል።»

«ውጪው የሚሰነብት፣ ውስጡ የሚሄድ» አለች ማርጎ ለራሷ። ስታቭሮስ ፀሐይ መትቷት ይሆናል ብሎ ውሃ ሊያመጣላት ሄደ።

ሎርና ፒካፗ ላይ ከዘረጋቻት ድንኳን ሥር ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክሳለች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ብቻዋን የምትዞር፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ራስልን ትወጂው ነበር?»

«ማን ይወደዋል! ትናንት ማታማ ልገድለው ምንም አልቀረኝ።» አፏን በእጇ ያዘች። «እንዲያው ለአፌ ነው።»

«ገብቶኛል። ምን አድርጎ?»

«እንደ ወትሮው ሁላችንም ወንበራችንንና መጠጣችንን ይዘን ክብ ሠርተን ተቀምጠናል። ቨርን ተነሳ። ባርኔጣውን አውልቆ ለመነው፣ ሳጅን! ያን የሚያክል ሰው! ራስል ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹ዘይቱን ቀይር፣ ለካምቢዮው ማቀዝቀዣ ግጠም ብዬህ ነበር። አሁን ደግሞ የኔን ልታቃጥል ነው?› ይሄ እንኳ ይሁን፤ እውነቱን ነው። ቀጠለና ‹ልትሞት ያለችን ሴት በረሃ ለበረሃ የሚያዞር ያንተ ዓይነቱ ነው› አለው።»

«አይሪስ ሰማች?»

«የካራቫኑ በር ክፍት ነበር። ሁላችንም ወንበራችንን አጥፈን ተነሳን። በዚህ መንገድ መኪና የተበላሸበት ሰው ተጥሎ አይታለፍም፤ ጠላትህም ቢሆን።»

«ሻይ በምንድን ነው የምታፈይው?»

«በቆርቆሮ ጣሳ፣ ውጪ እሳት ላይ። ለምን?»

«ጠምቶኝ» አለች ማርጎ፤ ግን ሳትጠጣ ሄደች።

ቨርን ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነበር። ሁለት እግሮቹ ብቻ ይታያሉ።

«ቨርን፣ ውጣ።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ምንም የቀረው ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ክንዱ እስከ ክርኑ ዘይት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው አይደል?»

«በአንተ ቦታ ያለን ሰው አለመጠርጠር እችላለሁ?»

«አትችይም» አለ ቨርን። ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «ዛሬ ግን አትውሰጂኝ። ባሕሩን ትይ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ፤ ተሰቀል ብትይኝም እሰቀላለሁ። እባክሽ ሳጅን፣ ጊዜ የላትም።»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ከዚሁ ሥር። ባትሪዬን አብርቼ ስፈታና ሳስር ነጋብኝ።»

ማርጎ ወደ ካራቫኑ ገባች። ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራል። አይሪስ አልጋዋ ላይ በትራስ ተደግፋለች፤ ማሽኑ አጠገቧ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«እግርሽን ጥረጊ» አለች አይሪስ በቀጭን ድምፅ። «ቀይ አቧራ ከገባ አይወጣም።»

«ይቅርታ። ቤትሽ እንዴት ያምራል! ቨርን ያግዝሻል?»

«ቨርን?» አይሪስ ልትስቅ ሞክራ አሳላት። «ከበሩ ወዲህ ያለው የኔ ነው፣ ከበሩ ወዲያ ያለው የሱ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው። እሱ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን እንጂ ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።»

«ትነሻለሽ? ትራመጃለሽ?»

«በምን አቅሜ፣ የኔ ልጅ።»

ማርጎ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታስር ከአልጋው ሥር አየች። የአይሪስ ነጠላ ጫማ ቀይ አቧራ ጠጥቷል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወንበራቸውን ይዘው ከሆስኪኖች በር ፊት እንዲሰበሰቡ አደረገች። በሩ ክፍት ነው፤ አይሪስ ከአልጋዋ ሆና ታያቸዋለች። ስታቭሮስ ቢራ ልክፈት አልክፈት ጨንቆት ቆመ።

«ራስል ሳያስብበት የሞተ መስሎኝ ነበር» ብላ ጀመረች ማርጎ። «ብርድ ነው፤ መስኮቱን ራሱ ሊዘጋው ይችላል። ክሩ ግን እረፍት ነሳኝ። ቁልፉን ከአንገቱ ሊያወጣ የሞከረ ሰው ነበር። ቁልፉን ማን ይፈልጋል? ሎርና የራሷ መኪና አላት። ስታቭሮስ ከዚህ ማደያ ወጥቶ አያውቅም።»

«እውነቷን ነው፤ እናቴ ስትቀበር እንኳ አልሄድኩም» አለ ስታቭሮስ።

«ዝም በል አንተ!» አለች ሎርና።

«ካራቫን የሚጎትት መኪና የሚያስፈልገው አንድ ቤት ብቻ ነው።»

ቨርን ብድግ አለ። «እኔ ነኝ። ሌላ ማንንም አትንኪ። ገባሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ወጣሁ። ጻፊው።»

«መስኮቱን እንዴት ዘጋኸው?»

«በእጄ ነዋ። ወደ ታች ሳብኩት።»

«አይሳብም፤ የሚዞር እጀታ አለው። የአንተም ካራቫን እንደዚያው ነው፤ ስትተኛ ከራስህ በላይ ነው፣ በበሩ ቀና ብለህ እየው።» ቨርን በበሩ ወደ ውስጥ አየ፤ እንግዳ ቤት ያየ ይመስል ነበር። «ማንቆርቆሪያዋንስ የት አደረግካት?»

«የምን ማንቆርቆሪያ?»

ሎርና «ወይኔ!» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከሁሉም ቀድሞ የገባት እሷን ነው።

«ካራቫን ሊነሳ ሲል» አለች ማርጎ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ውጪውን የሚያየው ሰው እንጨቱን ያነሳል፣ ገመዱን ይነቅላል፣ ጋንጮውን ያስራል። ውስጡን የምታየው ደግሞ የጣሪያውን መስኮት ትዘጋለች፤ ወዲያው ማንቆርቆሪያዋን እንዳትወድቅ ሲንክ ውስጥ ታስቀምጣለች። እጅ ከለመደ አይጠይቅም። ራስል የራሱ ሜንጦ ነበረው። ሎርና ሲንክ የላትም፣ ስታቭሮስ ካራቫን ነድቶ አያውቅም። ቨርን ደግሞ ማንኪያ እንኳ የት እንዳለ አያውቅም።»

የማሽኑ ሲጥታ ብቻ ተሰማ።

«ተወው ቨርን፤ ተቀመጥ» አለች አይሪስ ከውስጥ። «ውሸት አይሆንልህም።»

«አይሪስ፣ አትናገሪ!»

«ለምኜው ልመለስ ነው የሄድኩት። እየተንፏቀቅኩ። ሰክሮ ተኝቷል። ቁልፉን ልስብ ስል እንደ ዝንብ እጄን መታኝና ዞሮ ተኛ። እሳቱን አየሁ። ቀና ስል መስኮቱን አየሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አልዋሽሽም ሳጅን። እንዲሞት ፈልጌ ነበር። ጠዋት ቨርን ቁልፉን ወስዶ ይነዳኛል ብዬ ነው። ሎርና ቀደመችው። መስኮቱን ስዘጋ ግን ማንቆርቆሪያዋን ማስቀመጤን አሁን አንቺ ስትይ ነው ያወቅኩት። እጄ የምንሄድ መስሎት ይሆናል።»

ቨርን ገብቶ አልጋዋ ሥር ተንበረከከ። «እኔ ላድርገው አልልሽም ነበር?» እያለ ፀጉሯን ይዳስሳል፤ ምን ላድርገው እንዳለ ለራሱም አልገባውም።

ማርጎ ተነስታ የፖሊስ መኪናዋን ወደ ካራቫኑ አፍንጫ አስጠግታ አቆመች። ጋንጮውን ራሷ አሰረች፣ ሰንሰለቶቹን አጣመረች፣ የኋላ መብራቱን ሞከረች።

«ሬሳውን የሚያነሱት እየመጡ ነው፤ ስታቭሮስ ይጠብቃቸዋል። ተከሳሿን ወደ ጣቢያዬ እወስዳለሁ። ጣቢያዬ ባሕሩ አጠገብ ነው።» ወደ ቨርን ዞረች። «ካራቫን ሲጎተት ውስጡ ሰው መቀመጥ ክልክል ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ውስጥ ማንንም አላየሁም። ይሄን ሬዲዮ ያዝ።»

አይሪስ ከአልጋዋ ሆና ጋንጮውን አየችው። «መኪናሽ ይሄ እንዳለው ባውቅ ኖሮ የስታቭሮስን ዶሮ ሰርቄ በሱ እታሰር ነበር» አለች። ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ለቅሶ ሆነ። ሰው ገድያለሁ፣ ሰው ገድያለሁ እያለች በቨርን እቅፍ ውስጥ ተንሰቀሰቀች።

ካራቫኑ ከባድ ነበር። ማርጎ የሙቀቱን መርፌ እያየች፣ ዳገት ሲመጣ ማርሽ እየቀነሰች ነዳች። ሬዲዮው በየጊዜው ይጮኻል፤ ቨርን ነው።

«ታየ ወይ ትላለች።»

«ገና ነው። በርቺ በላት።»

ቆይቶ ደግሞ «አሁንስ?»

«ገና።»

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የቨርን ድምፅ ተሰባብሮ መጣ። «ማርጎ፣ መተንፈሱ እያቃታት ነው። ዓይኗን አልገለጠችም። ታየ ወይ ነው የምትለው። ሌላ አትልም።»

ማርጎ ወደ ፊት አየች። ቀይ አፈርና ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀይ አፈር። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው አፍ እውነት ስትጎለጉል የኖረች ሴት ሬዲዮውን አነሳች።

«ታየ፣ አይሪስ» አለች። «ፊት ለፊቴ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ማዕበል የለውም። ዳርቻው ላይ አንድ ጎረምሳ ቆሟል።»

የማሽኑ ሲጥታ ተሰማ። ከዚያ ቨርን «ሰምታሻለች» አለ፤ ቀጥሎም ሬዲዮውን ሳያጠፋ ማልቀስ ጀመረ። ማርጎ ፍሬን አልረገጠችም፤ ባሕሩ እስኪመጣ ድረስ ነዳች።