ከምድር ቤት የሳበው

እምላለሁ... ይህን ያየሁት በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ነው። ያላመነኝ ይተወው።

ሐምሌ 1979 ዓ.ም.፣ ጎንደር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል።

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ነበር። ሕንፃው ጣሊያን የሠራው ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ ዳኛው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው።

የዚያን ቀን ኤሌክትሪክ ለሚሰጠን ሣጥን፣ ለፓወር ሰፕላዩ፣ የከረንት መለኪያ ሠርቼ ጨረስኩ። አሥር ትንንሽ ቀይ መብራቶች ናቸው፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ። ከሣጥኑ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ነገር ሲገናኝ ከግራ ጀምረው ይበራሉ። ብዙ ከወሰደ ብዙ ይበራል። ምንም ካልወሰደ... ምንም አይበራም።

ጋሽ ዳኛው ጠዋት ከሣጥኑ ወደ ምድር ቤቱ ሽቦ ዘርግተው ነበር። እዚያ አምፖል ልንሰቅል ነው። አምፖሉ ግን ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። የምድር ቤቱ በርም ተቆልፏል፤ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።

ማብሪያውን ተጫንኩ።

አንድ መብራት በራ።

ጠፋ... እንደገና በራ።

"ሽቦው ጫፍ ለጫፍ ተነካክቶ ይሆናል" አልኩ።

"አይ አንቺ፣ ቢነካካማ ሁሉም ባንዴ ቦግ ይል ነበር" አሉ ጋሽ ዳኛው።

እውነታቸውን ነው። መብራቶቹ ቀስ ብለው እስከ መሀል ይወጣሉ... ቀስ ብለው ይወርዳሉ።

እንደ ትንፋሽ።

ሽቦውን ነቀልኩት። ጠፉ። መልሼ ስሰካው... ትንፋሹ ቀጠለ።

የጋሽ ዳኛው ፊት አመድ መሰለ።

"ምነው ጋሼ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በቀይ ሽብር ጊዜ ይሄ ምድር ቤት እስር ቤት ነበር። ታናሽ ወንድሜን... ሰጠኝን... እዚህ አስገቡት። ስንቅ አመላልስለት ነበር። አንድ ቀን 'ከእንግዲህ አታምጣ' አሉኝ።"

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።

ወደ ሽቦው ጎንበስ አሉ።

"ሰጠኝ... አንተ ነህ?"

መብራቶቹ እስከ መጨረሻው ወጡ። አሥሩም።

እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

"እንዳታጠፊው!"

ቁልፉን አውጥተው ደረጃውን ወረዱ። ተከተልኳቸው። በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ። በበሩ በሚገባው ብርሃን ሽቦውን አየሁት።

ወለሉ ላይ አልነበረም።

ከጣሪያው ወርዶ፣ ወደ ጨለማው ጥግ ተወጥሮ፣ ጫፉ አየር ላይ ቆሟል። በሰው ደረት ልክ። ሰው በሁለት እጁ የያዘው ይመስላል።

ማንም ግን የለም።

"ጋሼ... እንውጣ" አልኩ በሹክሹክታ።

አልሰሙኝም። እያለቀሱ ሹራባቸውን አወለቁ።

"ይበርድሃል፣ ወንድም ዓለም።"

ወደ ጨለማው ዘረጉት... ለቀቁት።

ሹራቡ አልወደቀም።