የተቀበረው ፌስታል

ኬሚስቱ በፌስታል ፋብሪካው የሙከራ ክፍል ወለል ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው አካፋ አጠገቡ ወድቋል። ፌስታሉ ለወራት የተቀበረበት የአፈር ሳጥንም እሽጉ ተቀዶ አፉን ከፍቷል። ሳጥኑ ሊከፈት የታሰበው በዚያው ጠዋት፣ ሁሉም ባሉበት ነበር።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አፈሩን አየች። መሃሉ ላይ ሲነኩት የሚፈርስ ጥቁር ብስባሽ አለ። የሟቹን ጭብጥ ፈልቅቃ ስትከፍት ግን ጥፍር የሚያካክሉ አረንጓዴ ቁርጥራጮች አገኘች። ለማንም ሳታሳይ በወረቀት ጠቀለለቻቸው።

ባለ ፋብሪካው፣ የሟቹ ሚስት ወንድም፣ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣላትም።

«ምን ትመረምሪያለሽ? አዳልጦት ነው።»

«አዳልጦት አካፋው ማጅራቱ ላይ ወጣበት?»

«እኔ የማውቀው ፌስታሉ መበስበሱን ነው። ሄደሽ እዪው! ነገ ካርቶኑ ገበያ ይወጣል።»

ካርቶኑ ላይ በትልልቁ ታትሟል፦ «አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። በዋና ኬሚስታችን የተረጋገጠ።» ከሥሩ የሟቹ ስም አለ።

ሚስትየዋ እንባዋን እንኳ በቁጣ ነው የጠረገችው።

«ባሌ ሳይቀበር ወንድሜ ስሙን ሸጠው! ባሌ ምንም አላረጋገጠም። ትናንት ከቤት ሲወጣ እንኳ ‹ሳጥኑ ሳይከፈት ከአፌ ቃል አይወጣም› ብሎኛል። ስሙን ከዚያ ካርቶን ላይ ካላነሣችሁ፣ አፈር አላለብሰውም።»

የማስታወቂያ ኃላፊውን ሠራተኞቹ «ጮሌው» ይሉታል። እውነትም አፉ አያርፍም።

«ሰውየው ነገረኛ ነበር። ‹ተበጣጠሰ እንጂ አልበሰበሰም› ብሎ ድርቅ! ለገዢ ምኑ ይለያል?»

«ሙከራ ክፍል ይገባሉ?»

«አፈር ለአፈር ምን አንከራተተኝ? እግሬ ረግጦት አያውቅም።»

መርማሪዋ አንድ ፖሊስ አስከትላ ሦስቱንም በካርቶን ክምሩ መሃል ሰበሰበቻቸው።

«ሳጥኑ ውስጥ ያለው የበሰበሰ ወረቀት ነው» አለች። «ሟቹ ጨብጦት የሞተው ግን ፕላስቲክ ነው። ፌስታሉን አውጥቶ ወረቀት የተካ ሰው አለ። ስለዚህ ባለ ፋብሪካው ‹በሰበሰ› አሉ፤ ዓይናቸው ያየው እሱን ነዋ! አንድ ሰው ብቻ ‹ተበጣጠሰ› አለኝ፤ ያውም ከኬሚስቱ አፍ ሰምቶ። ኬሚስቱ ከቤት ሲወጣ ሳጥኑን ገና አላየውም። ይህን ቃል ሊናገር የሚችለው ሳጥኑ ተከፍቶ እሱ እስኪሞት ባለችው ጊዜ ነው። የሰማው ሰው አብሮት ነበር።»

ሁለቱ ወደ ጮሌው ዞሩ።

«ፌስታሉን በወረቀት ሊቀይሩ ሄዱ፤ እሱ ደረሰብዎ። ዝም በል ቢሉት እምቢ አለ።»

«ወሬ ነው! ማስረጃሽ የታለ?» ጮኸ።

«ለፌስታሉ አንድ ቀን ማስረጃ ጠይቀው ያውቃሉ? በሉ፣ የሱሪዎን እጥፋት ይገልብጡት።»

«አራግፌዋለሁ እኮ!» አለና ምላሱን ነከሰ።

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ እጥፋቱን ገለበጠው። ከአፈር ጋር ሁለት አረንጓዴ ቁርጥራጮች ወለሉ ላይ ወደቁ።

ሚስትየዋ አንዱን አነሣች። በጣቶቿ አሸችው፤ አልፈረሰም። ካርቶኑ ላይ፣ ልክ ከባሏ ስም አጠገብ አስቀመጠችውና ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ይኸው፣ አልበሰበሰም። አሁን ስሙን አንሣ።»