ሠላሳ ሁለተኛው አረጋዊ

አስካለ የአረጋውያን መጦሪያውን ዋና ሥራ አስኪያጅነት የተረከበችው በሐምሌ፣ የደብረ ሲና ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሣ ግቢውን እስከ እኩለ ቀን በሚውጥበት ሰሞን ነው። ደመወዙ የሚያጓጓ አልነበረም። የፈለገችው ለእናቷ የሚሰጠውን አልጋ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ልጃቸውን ከረሱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በር በተከፈተ ቁጥር ወጥተው ስለሚጠፉ ሦስት አከራዮች አስወጥተዋቸዋል፣ ወንዶች ልጆቻቸውም ስልክ ማንሣት ትተዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አስካለም የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ለምን እንደለቀቀ ሳትጠይቅ ሥራውን ያዘች።

ያስረከቧት የንብረት ክፍሉ ጋሽ ልሳኑ ናቸው። አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ማኅተም፣ በመጨረሻም «አረጋውያን፦ ሠላሳ ሁለት» የሚል ቅጽ ዘረጉላት።

«ዞረን እንቁጠር እንዴ፣ ወይዘሮ አስካለ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

እናቷ መኪና ውስጥ በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። «ግድ የለም፣ አምንዎታለሁ» ብላ ፈረመች።

ምሳ ላይ ስትቆጥር፣ እናቷን ሳይጨምር፣ ሠላሳ አንድ ሆኑባት። እትዬ ዘርፌ የሚባሉ ንቁ አሮጊት አንድ ሳህን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሲሄዱ አይታ ተከተለቻቸው። መብራት በሌለው በዚያ ጫፍ የእርጥብ ሱፍና የከረመ መድኃኒት ሽታ ታምቆ ነበር፤ ከተዘጋው በር ወዲያ ነጠላ ጫማ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተጎተተ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመለሳል።

«በሽተኛ ነው፤ ይለምዱታል» አሏት ጋሽ ልሳኑ ስትጠይቃቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ የሺመቤት ትክ ብለው አዩዋትና፣ «አስኩ፣ ምነው ከሳሽ?» አሉ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ቢሮዋን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ በየቀኑ እየነቁ፣ ከእትዬ ዘርፌ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰባት ቤት አያቶቻቸውን በስም መቁጠር ጀመሩ። አስካለ ደግሞ የመነጽሯ ቤት ጠፋባት። ስብሰባ ላይ የጀመረችውን ቃል አጣችው፤ አንድ ቀንም ፊርማዋ እመሐል ላይ ጠፍቷት እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። ድካም ነው አለች። እናቷ አስኩ ማለት ትተው «ልጄ» ብቻ እንደሚሏት ልብ ያለችውም ዘግይታ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የኮሪደሩን ጫፍ በር ገርበብ ብሎ አገኘችውና ገባች። እትዬ ዘርፌ ከራቫት ያሰረ ጎልማሳ ያጎርሳሉ። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ታውቀዋለች፤ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ነው።

«ልጄ ነው» አሉ እትዬ ዘርፌ። «እዚህ ሲያመጣኝ እንዲህ የነበርሁት እኔ ነኝ። በስሙ ብጠራው ይመለሳል። ያን ጊዜ ግን እኔ እጠፋለሁ።»

«ታዲያ ጠርተውት አያውቁም?»

እትዬ ዘርፌ የልጃቸውን አፍ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከአጠገቡ ሌላ አልጋ ተነጥፏል፤ ትራሱ ላይ የአስካለ የመነጽር ቤት ተቀምጧል።

እናቷን እጃቸውን ይዛ በጉሙ ውስጥ እየጎተተች ከግቢው ወጣች። የመንገዱ ኩርባ ጋ ሲደርሱ የእናቷ እጅ ላላ። «ሴትዮ፣ የት ነው የምትወስጂኝ?» አሉ።

አስካለ ያንን ባዶ ዓይን ዳግመኛ ማየት አልቻለችም። እናቴ አይደለችም ወይ፣ ሲብስብኝ በስሜ ትጠራኛለች ብላ ራሷን አጽናናችና ይዛቸው ተመለሰች።

ክረምቱ ወጣ። በኮሪደሩ ጫፍ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ትሄዳለች። ከውጭ የጋሽ ልሳኑ ድምፅ «ዞረን እንቁጠር እንዴ?» ሲል ሰማች፤ አንድ የማታውቀው ሰው «ግድ የለም» አለ። ወዲያው በሩ ተከፈተና አንዲት መልከ መልካም አሮጊት ሳህን ይዘው ገቡ።

«እማማ» አለች አስካለ በልመና፣ «ስሜን ያውቁታል?»

ጠዋቱን ሙሉ ሰባት ቤት አያቶቻቸውን አንድም ሳይስቱ በስም ሲቆጥሩ የቆዩት ወይዘሮ የሺመቤት በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ፣ ጉርሻውን ጠቅልለው አፏ ውስጥ አደረጉና «ረሳሁት» አሏት።